የመጨረሻው ቤት ቆርቆሮ

ተረት ተረት!
የላም በረት!
አልሰማሁም፤ በሩ ጋ ያላችሁትስ?
የላም በረት!
እንዲያ ነው። አንቺ ደብተር የያዝሽውም ቶሎ ቶሎ ጻፊ፣ እኔ ከጀመርኩ አልቆምም።

በድሮ ዘመን ግራር ማዞሪያ የምትባል መንደር ነበረች። ገበያ ቆመላትና ሰው ጎረፈ። ከዚያም ከተማ ልትሆን ምንም አልቀራት። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ግን ያው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ደምለው። ጥሩምባቸው የተሰማበት ቤት የጭንቅ ቀን ሰው ይደርስለታል። ያልተሰማበት የእድሩ ሰው አይደለም።

ሸክላ ሠሪዋ ትሁኔ ከሁሉ በኋላ መጥታ ወንዙ ማዶ ቤት ሠራች። ደብሪቱ የምትባል ነፍሰ ጡር ልጅ ነበረቻት። ትሁኔም ሄደችና፦
«ጋሽ ደምለው፣ እድር ያስገቡኝ። የልጄ ቀን ደርሷል፤ ቃሬዛ የሚይዝ ወንድ የለኝም» አለች።
እሳቸውም፦ «ትንፋሼ ወንዙን አይሻገርም፣ ልጄ። ደንብ ደንብ ነው» አሉ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ደብሪቱን ምጥ ያዛት። ጠናባትም። ትሁኔ ልጇን ጥላ ወዴት ትሩጥ? ዘነዘናዋን አነሣችና የቤቷን ቆርቆሮ ትወቅጠው ጀመር። ቋ! ቋ! ቋ!

ከወንዙ ወዲህ ያለችው ጎረቤት ያሰጣችውን በርበሬ ልታነሣ ተፈትልካ ወጣች።
«ምን ጉድ ነው? በጠራራ ፀሐይ በረዶ?»
ሰማዩን ብታይ ደመና የለም። ከዚያም የትሁኔን ጩኸት ሰማች፦ «ኧረ ልጄን! የሰው ያለህ!» እሷም የራሷን ቆርቆሮ ደበደበች። የሚቀጥለውም በርበሬዬ ብሎ ወጣ፤ ሰማና ደበደበ። እንዲህ እንዲህ እያለ በረዶው ጋሽ ደምለው ደጅ ደረሰ።

ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ያዙና ቆሙ።
«የእኔ ጥሩምባ እዚያ አይደርስም እኮ» አሉ።
ሚስታቸው፦ «አንተ ሰውዬ! ያንተ ባይደርሳት የሷ ደረሰህ አይደል? ንፋ!»

ነፉ! ጉንጫቸው እስኪወጠር ነፉ። ወንዱ ቃሬዛ ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ደብሪቱን ተሸክሞ ወደ መንደሩ አዋላጅ ቤት ገሰገሰ። ማዞሪያው ግራር ሥር ሲደርሱ፦ «አውርዱኝ!» አለች። አወረዷትና ፊታቸውን አዞሩ። ሴቶቹ በነጠላ ከለሉ። ከዚያም ሕፃን አለቀሰ!

እልልታው ቀለጠ። ትሁኔ አፈሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ሳቀችም አለቀሰችም። የልጁንም ስም «ድረስ» አሉት። በርበሬውን ዶሮ ጫረው፤ ማንም አልተቆጣ።

ትሁኔም እድር ገባች። መጨረሻ ላይ ባለው ቤት ደጅም፣ ጭንቅ የያዘው እንዲመታው ቆርቆሮ ተሰቀለ። ከተማዋ በገፋች ቁጥር ቆርቆሮውም አብሮ ይገፋል።

ተረቴን ለባለ ተራ ስጡ፤
ለለፈለፍኩበት ቆሎ አምጡ!