የሐረግ አምባ ጠጅ ሻጭ ለምን ለብቻው ይቀመጣል

በሐረግ አምባ ገበያ ጠጅ የሚሸጥ ሰው ከእህሉም ከበርበሬውም ተራ ወጥቶ ከሾላው ሥር ለብቻው ይቀመጣል። ገዢ ሲመጣ «የየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ማሩ የተቆረጠበትን አገር በስሙ ይጠራና ከዚያው ዋንጫ ቀድሞ ቀምሶ ይሰጣል። አገሩን ያልጠራ አይሸጥም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ሻጩ ከገበያተኛው ጋር የተጣላ ይመስለዋል፤ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ የመጣው ትርንጎ ከምትባል ሴት ነው ይላሉ።

በዚያ ዘመን ከገበያው በላይ ያለው ኮረብታ ሁሉ ወይን ነበር ይባላል። ትርንጎ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ስትሆን፣ የአባቷን እርሻ ከታናሽ ወንድሟ ከይርዳው ጋር ተካፍላ ትኖር ነበር፤ ከእርሱ በቀር ዘመድ አልነበራትም። የኮረብታው ሰዎች ወይናቸውን ጠምቀው ለግብር ድግስና ለሠርግ እየሸጡ ሲኖሩ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወይን ጠጅ በስልቻ የጫኑ ነጋዴዎች መጡ። የማዶው ቀይና ጣፋጭ ስለነበረ ባለጸጋው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ የኮረብታው በየጋኑ ኮመጠጠ። አንዳንዱ ሐረጉን ነቅሎ ዳጉሳ ዘራ። አንዳንዱ ደግሞ የነጋዴዎቹን ባዶ ስልቻ እየለመነ፣ የራሱን ወይን ጠጅ በሥራሥር አቅልቶ የማዶ ነው እያለ ይሸጥ ጀመር። ይርዳውም ከእነዚህ አንዱ ነበር።

«ተው፣ ይህ ሥር ሰው ይጎዳል» አለችው ትርንጎ።

«እቴቴ፣ የራሳችንንማ ማን ጠጣልን?» አላት።

እንደሚነገረው፣ አንድ ሠርግ ላይ የማዶ ነው ተብሎ የተሸጠውን የጠጡ ሰዎች ታመሙ፤ ሙሽራውም ሞተ። የማዶ ወይን ጠጅ ያመጣው ያኒ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ ታስሮ በአገሩ ገዥ በባላምባራስ ወንድይራድ ፊት ቀረበ። የኮረብታው ሰዎችም ነጋዴው እንዲሰቀል፣ የማዶውም ከእንግዲህ ወደ አገሩ እንዳይገባ አብረው ጮኹ። ያ ቢሆን የትርንጎም ጋን በተሸጠላት ነበር። እርሷ ግን ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ሰው አይደለም። የኛው ኮረብታ ነው።»

«ማን ጠመቀው?»

ለዚያ ሠርግ የሸጠው ይርዳው ከሰው መሐል ቆሞ ያያት ነበር። እርሷም እያየችው፣ «ወንድሜ ነው» አለች።

ሽማግሌዎች በሙሽራው አባት እግር ወድቀው የይርዳውን ነፍስ አተረፉ፤ ከአገር እንዲወጣ ግን ተፈረደበት። ባላምባራሱም የማዶውን አልከለከሉም። የማዶም ሆነ የአገር፣ የሚጠጣ ነገር የሚሸጥ ሁሉ የመጣበትን አገር እንዲጠራና ከሚሸጥለት ሰው ፊት ቀድሞ እንዲጠጣ ሥርዓት አወጡ። ያኒ ከእስራቱ ሲፈታ ነጭ ኩታ ይዞ ወደ ትርንጎ ቤት ሄደ፤ እርሷ ግን «ለአንተ ብዬ አልተናገርኩም» ብላ መለሰችው።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤት እሳት አላበደራትም ይባላል። በገበያም ከጎኗ የተቀመጡት እየተነሡ ሲሄዱባት፣ ጋኗን አንሥታ ከሾላው ሥር ተቀመጠች። ብዙ ገበያ ማንም ሳይጠይቃት ይመሽና ጋኗን እንደሞላ ይዛ ትመለስ ነበር። ኋላ የገበያው ዳኛ፣ ሥርዓቱን የጠበቀችው እርሷ ስለሆነች ሌሎቹም የሚጠጣ ነገር የሚሸጡ ወደ እርሷ ቦታ ወጥተው በግልጽ ይሽጡ አለ፤ ይሁን እንጂ ሌሎቹም ሲመጡ ከእርሷ ራቅ ራቅ ብለው ነበር የሚቀመጡት።

ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ አንድ የጎበጠ ሰው ከፊቷ ቆሞ «የየት ነው?» አላት። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በድምፁ ለየችው።

«የአባታችን እርሻ ነው» አለችና፣ ቀምሳ በመስጠት ፋንታ ገሚሱን ጠጥታ ዋንጫውን አቀበለችው። ይርዳው ቀሪውን ቆሞ ጠጣ።

ዛሬ ኮረብታው ቁጥቋጦ ሆኖ በወይኑ ፋንታ የማር ጠጅ ይሸጣል፤ ሁለቱ እህትና ወንድምም የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። ብቻ ጠጅ ሻጩ ገዢው የሥጋ ዘመዱ ሲሆን በመቅመስ አይተውም፤ ገሚሱን ጠጥቶ ገሚሱን ያቀብላል። ለምን ቢሉት «እንዲሁ ነው የኖረው» ይላል።