ጡሩምባው የቆመበት በር

«አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ» አሉ መምህር ይርዳው።

ጠያቂው ገና ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ምንተስኖት ይባላል፤ በልጅነቱ እሳቸው ያስተማሩት፣ አሁን የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሆነ ወጣት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደፍሮ ስለተፈረደበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘገባ አሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ግማሹ የከተማው ሰው ያመሰግነዋል፣ ግማሹ ይሰድበዋል። መምህሩ ዘንድ የመጣው አንድ ነገር ሊጠይቅ ነው። «ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት የሆነው የትኛው ቃል ነው? አንድ እንኳ ያሳዩኝ፤ በነገው የዘገባዬ ክፍል ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

መምህሩ ቃል አላሳዩትም። ወንበር በእጃቸው አመለከቱትና ቀጠሉ።

አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ። የአንድ ትልቅ እድር አገልጋይ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ሰው ሲሞት ማልዶ ይነሳል፣ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፣ ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል፣ በመጨረሻም ሬሳው ባለበት ቤት በር ላይ ይቆማል። እሱ በቆመበት በር ድንኳን ይተከላል። እድሩ ያለው ድንኳን ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አግዳሚው ወንበር፣ ድስቱ፣ ቃሬዛው፣ መቃብር ቆፋሪዎቹም ከድንኳኑ ጋር ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው የት ቆመ የሚለው ነገር ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

በዚያ ሰፈር አንድ ወጣት ድንጋይ ጠራቢ ይኖር ነበር። ሚስትና የሰባት ወር ሴት ልጅ ነበሩት። አንድ ቀን ሚስቱ ዱቄቷን ተሸክማ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የአንድ ሀብታም ልጅ መንገድ ላይ ጠበቃት። በጉልበት ወሰዳት፤ ደፈራት። ስለታገለችው መታት፤ እዚያው ጥሏት ሄደ። ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሞተች። የሀብታሙ ልጅም በዚያው ማለዳ ተይዞ ታሰረ።

አንዲት ጎረቤት ወደ ጡሩምባ ነፊው ቤት ሮጣ ሄደችና «የድንጋይ ጠራቢው ሚስት አረፈች» አለችው። ሰማ። አልሰማሁም ሊል አይችልም። ጡሩምባውን አንስቶ ወጣ።

ወደ ድንጋይ ጠራቢው ቤት የሚወስደው መንገድ በሀብታሙ በር በኩል ያልፋል። ከግቢው ውስጥ ኃይለኛ ጩኸት ሰማ። የልጁ እናት መሬት ላይ እየተንከባለለች «ልጄን ቀበሩት! ከነነፍሱ ቀበሩት!» ትላለች። ምን እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ገባ። ወንበር ሰጡት። እናቲቱ ለምረቃው የተሰፋለትን ሙሉ ልብስ አውጥታ አሳየችው፤ ገና ክሩ እንኳ አልተቆረጠም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያመጣቸውን ውጤቶች አሳየችው። ኳስ ሲጫወት የተነሳውን ፎቶግራፍ አሳየችው። ጡሩምባ ነፊው ሆደ ባሻ ነበር፤ አለቀሰ።

ከዚያ ወጥቶ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ቤት ሄደ። እሱንም ልንገርህ፣ ሄዷል። በሩ ዝግ ነው። ድምፅ የለም። ድንጋይ ጠራቢው ውስጥ ነበር፤ ሕፃኗ እንዳትነቃበት ነው ጩኸቱን የዋጠው። ጡሩምባ ነፊው ጥቂት ቆመ። አላንኳኳም። «የሚያናግር ሰው የለም» አለና ተመለሰ።

ከዚያ ነፋ።

«ወገኖቼ ስሙ! በባለጸጋው ቤት የማይቻል ሀዘን ወድቋል! ተምሮ ለወግ ለማዕረግ ሊበቃ የነበረ ልጅ ከእናቱ እቅፍ ተነጥቋል! ነገውን የተቀማ ልጅ ነው! ውጡ፣ አልቅሱለት!» ትንፋሹ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዲት ሴትም ሞታለች» አለ። ይቺን ያህል። በመጨረሻም በሀብታሙ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

ድንኳኑ እዚያ ተተከለ።

ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ወሬው ተጀመረ።

«ልጅ እኮ ነው። ልጅ ይሳሳታል።»

«ሰላምታው! ሰው ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር እኮ!»

«አንዲት ቀን የስንት ዓመት ልፋት ገደል ከተተችው።»

«እሷስ ብቻዋን በዚያ መንገድ ምን አስኬዳት?»

«ወፍጮ ቤት ናታ ሄዳ የነበረው» አለ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ጋሪ ነጂ።

«ቢሆንስ!» አሉት። ምን ለማለት እንደፈለጉ እነሱም አያውቁትም።

ጆሯቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ትንሽ ዘግይተው መጡ። ጡሩምባውን ከሩቅ ሰምተው ነው የመጡት። እንደ ደንቡ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፣ በደንብ አለቀሱ፣ እንባቸውን ጠርገው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«እዚህ ቀብር የለም፣ እማማ።»

«ሬሳው ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው?»

«ሬሳም የለም። ልጁ ታስሮ ነው።»

«ታስሮ?» አሉ አሮጊቷ ጮክ ብለው። «አልሞተም?»

«ኧረ ዝም ይበሉ፣ እናቱ እንዳትሰማ!»

«እንግዲያ እኔ የማን ሬሳ ላይ ነው ደረቴን የመታሁት?»

ሁሉም ዞር ብለው አዩዋቸው። ነውረኛ የሆኑት እሳቸው ነበሩ።

ድንጋይ ጠራቢው ይህ ሁሉ ሲሆን እቤቱ እድሩን ይጠብቃል። ጎረቤቲቱ ሚስቱን አጥባ ገነዘችለት። መቃብር ቆፋሪዎቹ ስላልመጡ እሱ በራሱ ዶማ ሲቆፍር አረፈደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የሚጠብቀው ሰው እንደማይመጣ ገባው። ሕፃኗን በሚስቱ አንቀልባ ጀርባው ላይ አዘለ፤ ጎረቤቲቱ ሬሳውን ትጠብቅ ስለነበር የሚይዝለት ሌላ ሰው አልነበረውም። ጡሩምባውን ተከትሎ ሄደ። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

ወንድ ሰው ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ በማየታቸው አንዳንዶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ ማንነቱን ሲያውቁ ቦታ ለቀቁለት። የልጁ እናት ተንደርድራ መጥታ ጉልበቱን አቀፈችው።

«ይቅር ልትለው መጣህ? ልጄን ይቅር ልትለው!»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተንሰቀሰቀ። «ምን ዓይነት ልብ ነው!» «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ጡሩምባ ነፊው ከወንበሩ ተነስቶ ጡሩምባውን አፉ ላይ አደረገ። የሟች ባል ሊያስተዛዝን መጣ ብሎ ሊነፋ ነው!

«አራት ሰው ፈልጌ ነው» አለ ድንጋይ ጠራቢው። «ቃሬዛ የሚሸከም።»

ማንም አልተነሳም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ለቅሶ ጥሎ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። አንዱ «እዚህ ስንጨርስ እንመጣለን» አለው።

ድንጋይ ጠራቢው ወደ ውጭ ወጣ። የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ገመዱን እንደ ሠራተኛ ሰው ሳይጣደፍ እየጠቀለለ ድንኳኑን ዞረ። ውስጥ ያሉት ምን እንደሆነ የገባቸው ሸራው አናታቸው ላይ ሲወርድ ነው። እየተራገሙ፣ እየተደነቃቀፉ ወጡ። እሱ ሸራውን አጠፈ፣ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ሕፃኗ ጀርባው ላይ፣ መንገድ ጀመረ።

መጀመሪያ የተከተሉት አሮጊቷ ናቸው። «እኔ ለሬሳ ነው የመጣሁት» አሉ፤ የአግዳሚውን ወንበር አንድ ጫፍ መጎተት ጀመሩ። ጋሪ ነጂው ሌላውን ጫፍ ያዘ። አንድ ልብስ ሰፊ ቃሬዛውን አነሳ። የሀብታሙ ዘበኛም ዱላውን በሩ ላይ አንጠልጥሎ ተከተለ። ሌላ ሰው አልመጣም። ድንኳኑን ለመትከል እጅ ስላልበቃቸው አጥሩ ላይ ጣል አደረጉት። ሦስቱና ባሏ ተሸከሟት፣ አሮጊቷ ሕፃኗን ይዘው ከኋላ ሄዱ፤ ጎረቤቲቱ ቤቱን ለመጠበቅ ቀረች። በአምስት ሰው ተቀበረች።

ቀብሩ ላይ ሳሉ ከሩቅ ጡሩምባ ይሰማ ነበር። «ወገኖቼ ስሙ! የእድሩ ድንኳን ተወሰደ! በምታለቅስ እናት አናት ላይ ተናደ!»

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ጡሩምባ ነፊውን አስጠርቶ ጠየቀው። ጡሩምባ ነፊው ተቆጣ። «በዚያ ቤት እናት አላለቀሰችም? ልጁ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም? ድንኳኑስ አልተናደም? ሴትዮዋም መሞቷን ተናግሬያለሁ። ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት የሆነው የትኛው ቃል ነው?»

«ስለ ቃልህ መቼ ጠየቅሁህ?» አለው ዳኛው። «የጠየቅሁህ የት እንደቆምክ ነው።» ጡሩምባውንም ተቀበለው።

መምህር ይርዳው ተረታቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ምንተስኖት ዞሩ።

«እንግዲህ ውሸቱን አሳዩኝ ብለኸኛል። ውሸት የለውም። ዘገባህን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጁ ስንት እንዳመጣ፣ እናቱ ምን እንዳለች፣ የትኛው የኳስ ቡድን ሊያስፈርመው እንደነበር ነገርከን። አልጋው ሳይነጠፍ እንደቀረ እንኳ ነገርከን። እሷን ግን ‹ግለሰቧ› አልካት። አንድ ጊዜ። በዚያ ጡሩምባ ነፊ አፍ ‹አንዲት ሴትም ሞታለች› እንደማለት ነው።»

«ስሟን መጥራት እኮ አይፈቀድም፣ መምህር።»

«ስሟን ጥራ ማን አለህ? ሥራዋን እንደተወች ማንነቷ ሳይታወቅ መናገር ትችል ነበር። መንገድ እንደቀየረች። የጎረቤት ልጅ በሩን ሲመታ ምን እንደምትሆን። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስም አያስፈልግም። መሄድ ነው የሚያስፈልገው።»

«ሞክሬ ነበር። ማነጋገር አልፈለገችም።»

«ቤቷ ሄድክ?»

«ስልክ ደወልኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

ምንተስኖት ጣቱን አየ። «አንድ ጊዜ።»

«የሱ እናት ቤትስ?»

«እዚያስ ሄጃለሁ።»

«የእናቱ እንባ ውሸት ነው አላልኩህም» አሉ መምህሩ። «እናት ናት፤ ታልቅስ። ግን በከተማው ያለው ድንኳን አንድ ነው፣ ልጄ። ሰው አንተ በቆምክበት በር ነው የሚቀመጠው። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ የምሰማው ‹ምስኪን ልጅ፣ ሕይወቱ ተበላሸ› ነው። ማን አበላሸው? እሷ በሕይወት አለች፤ ይህ ሁሉ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ደጇን አልረገጠም። የነገው ክፍል ስለ ምንድን ነው?»

«ከአሠልጣኙ ጋር ያደረግነው ቃለ ምልልስ ነው።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከተቀመጡበትም ተነሱ። ደክሟቸው ነበር።

«ካስማውን አንተው ተክለኸዋል፤ አንተው ንቀለው። ይቅርታህ ለነገ አይደርስም፣ ተወው። አሁን ሂድ። ከበሯ ስትደርስ የድምፅ መቅጃህን ከቦርሳህ አታውጣ። ዝግ ከሆነ ደግሞ የሚያናግር ሰው የለም ብለህ እንዳትመለስ። አንኳኳና ቁም። ባትከፍትልህም እዚያ ቁም።»