የማትከፍት በረኛ

የከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ይርዳው ፒክአፓቸው ውሃ እያፈላ መንገድ ላይ ቢያቆማቸው ጊዜ፣ ለጋራዥ ቦታ አራት ወር ደጅ ሲጠናቸው የከረመ አንድ መካኒክ ግቢያቸው ድረስ አስጠሩ። መካኒኩ ምላሱ ስል ነው፤ ያን ቀን ግን ጥርሱን ነክሶ፣ ሞተሩ ሲበርድለት ቴርሞስታት የምትባለውን ብረት ፈታና የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ከተታት። አቶ ይርዳው ወገባቸውን ይዘው ቆሙበት።

«ይቺ እፍኝ የማትሞላ ብረት ናት ያን የሚያህል መኪና ያቆመችው? ጥፋቷን አሁኑኑ አስረዳኝ፤ አለዚያ ማመልከቻህን እቀደዋለሁ!»

«ጌታዬ፣ ይቺ በረኛ ናት። ውሃው ሲሞቅ በር ከፍታ ወደ ራዲያተሩ ማሳለፍ ነው ሥራዋ። ይኸው ይመልከቱ፣ ውሃው ፊቷ እየተንተከተከ አልከፍትም ብላለች።»

አቶ ይርዳው ድስቱን አጎንብሰው አዩና ሳቃቸው መጣ።

«ታዲያ ካልከፈተች ምን ልታደርግ እዚያ ተጎለተች? አውጥተህ ወርውራትና በቦታዋ ሌላ ተካ!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ዕድሜ ይስጥዎ ጌታዬ! እኔም እኮ አራት ወር ሙሉ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ስፈላ፣ እንዲህ ብሎ የሚፈርድልኝ ሰው ነበር ያጣሁት።»