ከመደርደሪያው እግር ሥር የቀረው ደብተር

ልናገር? በሉ እንግዲህ «ተናገር» በሉኝና ጆሯችሁን ወደዚህ አቅርቡ። የምነግራችሁ የቆየ ነገር ነው። ያኔ አህያ ይናገር ነበር፤ ሳጥን ይናገር ነበር፤ ግድግዳም ይናገር ነበር። መጽሐፍም ይናገር ነበር፤ ነገር ግን የመጽሐፍ ድምፅ ካልገለጡት በስተቀር ለሰው አይሰማም። የሚሰማው ለእንስሳና ለዕቃ ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን በአንድ ኮረብታ ላይ ያረጀ የመጻሕፍት ቤት ነበረ። የአገሩ ተመራማሪ ሁሉ የጻፈውን የሚያኖረው እዚያ ነበር። የከዋክብትን መንገድ የተከታተለ፣ የወንዞችን ልክ የለካ፣ የሰብልን በሽታ ያጠና፣ ሁሉም እዚያ አስቀምጦ ይሄዳል። የቤቱ ጠባቂ ጋሽ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት የከፈቱት፣ ማታ የዘጉት እሳቸው ናቸው።

በቤቱ መካከል ብዙ መሳቢያ ያላት አንዲት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበረች። ማውጫ ይሏታል። በመሳቢያዎቿ ውስጥ ካርዶች ተደርድረዋል፤ በየካርዱ ላይ የአንድ መጽሐፍ ስምና የሚኖርበት ቦታ ተጽፏል። ሰው መጥቶ አንድ ነገር ሲጠይቅ ጋሽ ቢያድግልኝ ወደ እሷ ዞር ይላሉ።

«ማውጫ፣ የት ነው ያለው?»

«ሦስተኛው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ» ትላለች።

ሄደው እጃቸውን ሲሰዱ መጽሐፉ እዚያው ነው። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ቤቱ ግን አረጀ። ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ስለዚህ የምሁራኑ ሹም አለቃ ድንበሩ ከኮረብታው በታች፣ በሜዳው ላይ፣ አዲስ ቤት አሠራ። ግድግዳው መስታወት ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። አዲሱ ቤትም በራሱ ውበት ሰክሮ «እኔ ዘንድ የተቀደደ ነገር እንዳይገባ!» እያለ ይጮህ ነበር።

አለቃ ድንበሩ ጋሽ ቢያድግልኝን ጠራና እንዲህ አላቸው።

«ታላላቅ እንግዶች ለምረቃ ይመጣሉ። መጻሕፍቱን በሦስት ቀን አውርድ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ጌታዬ፣ ሦስት ወር ይስጡኝ። አርባ ሺህ ናቸው። እያንዳንዱ ተመዝግቦ ወጥቶ፣ ተመዝግቦ መግባት አለበት።»

«ሦስት ቀን አልኩ።»

«እባክዎ፣ ሦስት ሳምንት እንኳ።»

«ሦስት ቀን!» አለና ጀርባውን ሰጣቸው።

በመጀመሪያው ቀን አህዮች ተሰልፈው መጡ። ፊተኛው ዳልቻ የሚባል ግራጫ አህያ ነበር። አለቃ ድንበሩ «በቆዳ የተለበጡትንና ትልልቆቹን ጫኑ» አለ። ማውጫ ከመሳቢያዎቿ ሁሉ ጮኸች። «እኔን አስቀድሙኝ! እኔ ሳልደርስ ቢገቡ ማን የት እንደገባ አላውቅም!» አለቃውም «አንቺ ምስጥ የበላሽ ሳጥን፣ ለአዲሱ ቤት አትመጥኝም» አላት።

በሁለተኛው ቀን መካከለኞቹ ተጫኑ። አለቃው በአዲሱ ቤት በር ላይ ቆሞ «በቁመታቸው ደርድሩ! ቀዩን ከቀዩ ጋር፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው ጋር!» እያለ ያዝዛል። የወንዙ ጥናት ከሰዋስው አጠገብ ገባ፤ የሰዋስው ጥናት ከእባብ መርዝ አጠገብ ገባ። ማውጫ ከኮረብታው ላይ «እኔን አምጡኝ!» ትላለች። የሚሰማት የለም።

በሦስተኛው ቀን የቀሩት ቀጫጭኖቹ ነበሩ። ሽፋን የሌላቸው፣ በእጅ የተጻፉ፣ በክር የተሰፉ። ጋሽ ቢያድግልኝ አንድ በአንድ ሊያስሯቸው ሲጀምሩ ሠራተኞቹ ነጥቀው በጆንያ አጨቋቸው። ሽማግሌው ማውጫን አቅፈው ሊያነሷት ሞከሩ፤ ከብዳ አልንቀሳቀስ አለቻቸው። «ከምረቃው በኋላ ትመጪያለሽ» አሏት እየማሉ። እሷም «ልጄ፣ ሰማዩን እየው። ደመናው ከብዷል» አለቻቸው።

በዚያው ሰዓት ታች በአዲሱ ቤት ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ትልቁ መደርደሪያ በአንድ እግሩ አጥሮ ዘምሟል። አፍሮ አለቃ ድንበሩን ጠራው።

«ጌታዬ፣ እንግዶቹ ዘምሜ ያዩኛል። ከእግሬ ሥር ቀጭን ነገር ቢያደርጉልኝ ቀጥ እላለሁ።»

«ምን ላድርግልህ?»

«ከእነዚያ ጆንያዎች አንዱን ብጣሽ።»

አለቃው እጁን ወደ ጆንያው ሰደደ። የወጣለት በሰማያዊ ክር የተሰፋ ቀጭን ደብተር ነበር። ሳይገልጠው ሁለት ላይ አጠፈና ከእግሩ ሥር ወሸቀው። መደርደሪያው ቀጥ አለ። ከላዩ ላይ አንድ ሺህ መጽሐፍ ተጫነበት።

ደብተሩ «ኧረ አውጡኝ! በውስጤ የሰው ነፍስ አለ!» ብሎ ጮኸ። መደርደሪያውም «ዝም በል! አንተ ከወጣህ እኔ እዘማለሁ» አለው።

በር ላይ ቆሞ ጭነቱን የሚያስወርደው ዳልቻ ይህን ሰማ። «ጌታዬ» አለ፣ «ከእግሩ ሥር ያለው ደብተር እያለቀሰ ነው።»

«አህያ ስለ ደብተር ምን ያውቃል?» አለው አለቃው፤ ሦስት ጊዜ በዱላ መታውና በዚያው ዕለት ከወንዝ ማዶ ወዳለው የድንጋይ መፍለጫ አስነዳው። ጋሽ ቢያድግልኝ ገና ከኮረብታው አልወረዱም ነበርና ይህን አላዩም፤ አልሰሙም።

እንግዶቹ መጡ። «እንዴት ያምራል!» አሉ። አጨበጨቡ። አንድም መጽሐፍ ሳይገልጡ ሄዱ። በማግስቱ ጋሽ ቢያድግልኝ ማውጫን የሚያወርድላቸው ሰው ለመኑ፤ አለቃው ከለከለ፤ የአሮጌው ቤት ቆርቆሮም ለሌላ ሥራ ተነቀለ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ ሳምንት ሙሉ አላባራም።

ከዚህ በኋላ ነው አንዲት ሴት ከሩቅ የመጣችው። ዳመነች ትባላለች። አገሯ የእንሰት አገር ነው፤ ሰዉ የሚበላው እሱን ነው፣ ከብቱን የሚያበላው እሱን ነው። ሦስት ቀን ተጉዛ እግሯ አብጧል።

«አባቴ» አለቻቸው ጋሽ ቢያድግልኝን፣ «እንሰታችን እየጠወለገ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ከመሐሉ ይበሰብሳል። የወለደኝ አባቴ ሳይሞት እንደነገረኝ ይህ በሽታ ድሮም መጥቶ ነበር። ያኔ አንድ ተመራማሪ በመካከላችን ሰባት ዓመት ተቀምጦ ማቆሚያውን አገኘ። ነገሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሁሉ አልቀዋል። ጽሑፉ ግን እናንተ ዘንድ ነው ይባላል።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «አውቀዋለሁ! በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነው። አቧራውን ስንቴ ጠርጌለታለሁ!» ብለው ተነሱ። ተነሱና ቆሙ። ወዴት ይሂዱ? ሦስተኛው ክፍል የለም። መስኮቱ የለም። ከፊታቸው ያለው ቀይ ብቻ፣ አረንጓዴ ብቻ ነው።

ጆንያዎቹን ዘረገፉ፤ የለም። ከመደርደሪያው ሥር ደብተሩ «እዚህ ነኝ! ከእግርህ አጠገብ ነኝ!» ይላል። ጋሽ ቢያድግልኝ ባጠገቡ አለፉ። ተመልሰው አለፉ። በሦስተኛው ሊያርፉ ብለው መደርደሪያውን ተደገፉ፤ ጫማቸው የደብተሩን ጠርዝ ነካው። አልሰሙትም።

ዳመነች ሦስት ቀን ጠብቃ ባዶ እጇን ሄደች። እሳቸውም ወደ ኮረብታው ሮጡ። ማውጫ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ አብጣ፣ መሳቢያዎቿ ተጣብቀው ቆማለች።

«ማውጫ፣ ሰማያዊ ክር ያለው የእንሰቱ ደብተር ካርድ ላይ ምን ምልክት ነበረ? ከየትኞቹ ጋር ነበር የሚኖረው?»

ቀስ ብላ «አንተ ማን ነህ?» አለቻቸው።

«ቢያድግልኝ ነኝ።»

«ቢያድግልኝ... ድምፅህን የማውቀው ይመስለኛል። ዝናቡ ቀለሙን ሁሉ ወሰደብኝ። ካርዶቼን አውጥተህ እየው፤ ነጭ ናቸው።»

አንዱን መሳቢያ በጉልበት ሳቡት። ካርዶቹ እንደ ሊጥ ተጣብቀዋል። ሽማግሌው እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሷ የሚያለቅሱበትን ምክንያት እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ሺውን አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። በሁለተኛው ወር ዳመነች ተመልሳ መጣች። ከስታለች።

«አባቴ፣ ተገኘ?»

«አልተገኘም ልጄ። በርትቼ እየፈለግሁ ነው።»

«የቀረው የእኔ ጓሮ ብቻ ነው» አለች። «ጎረቤቶቼ ከብታቸውን እየነዱ መውጣት ጀምረዋል።» ውሃ ጠጥታ ተነሳች። አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው ሽማግሌውን የጎዳቸው። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

በሰባተኛው ወር ለአዲሱ ቤት አጥር ድንጋይ ተፈለገና ዳልቻ ጭኖ መጣ። ጎኑ ቆስሏል። በሩ ላይ ሲደርስ ጆሮውን አቆመ። ከውስጥ እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ «እዚህ ነኝ» ይላል።

«ጋሽ ቢያድግልኝ» አለ አህያው፣ «ይህ ደብተር እስከ ዛሬ አልወጣም እንዴ?»

«የትኛው ደብተር?»

«ከመደርደሪያው እግር ሥር ያለው። በሰማያዊ ክር የተሰፋው።»

ሽማግሌው በጉልበታቸው ተንበርክከው በጥፍራቸው ቆፍረው አወጡት። መደርደሪያው ዘመመ፤ ጮኸ። አለቃ ድንበሩ መጣና የዘመመውን መደርደሪያ አየ፤ ሽማግሌውን አላያቸውም። «ሌላ ቀጭን ነገር አምጡ» ብሎ አዘዘ። ሠራተኛው ከጆንያው ሌላ ደብተር አወጣና ወሸቀ።

ጋሽ ቢያድግልኝ በዳልቻ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን ተጓዙ። የዳመነች አገር ሲደርሱ ጢስ የሚወጣበት ጎጆ አልነበረም። በየጓሮው የቆመው የጠቆረ ግንድ ነው። ዳመነች ብቻዋን በደጇ ተቀምጣ ጓዟን ስትጠቀልል አገኟት።

«ተገኘ» አሏት።

ጓዟን ትታ ደብተሩን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ «ያንብቡልኝ» አለች።

ገልጠው አነበቡላት። «አንደኛ፦ የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ሁለተኛ፦ የታመመውን የነካ ቢላ በእሳት ሳይለበለብ ሌላ እንሰት አይንካ፤ በሽታው የሚጓዘው በቢላ ነው። ሦስተኛ፦ በዚያ ቦታ ለጊዜው ሌላ ነገር ዝሩ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ልጄ።»

«ሁለተኛውን ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

እጆቿን አየች። «እኔ ነበርኩ» አለች። «ጎረቤቶቼ አቅም የላቸውም ብዬ በየጓሮው እየዞርኩ የታመመውን ቅጠል የምቆርጥላቸው እኔ ነበርኩ። በአንድ ቢላ። ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት፣ ከዚያ ቤት ወደዚህ ቤት። በመጨረሻ ወደ ራሴ ጓሮ።»

ደብተሩ ተገልጦ ነበርና መናገር ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ዳልቻም አንገቱን ደፋ። ዳመነች ጓዟን አንስታ ሌሎቹ በሄዱበት መንገድ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም።

እኔም የማውቀው እስከዚህ ነው። ለሰሚ ሰጠሁ፤ የሰማችሁ ለልጆቻችሁ አድርሱ። መጻሕፍትን ተሸክሞ አዲስ ቤት ማስገባት ለአህያም አይከብደውም። የት እንዳሉ የሚያውቀውን ዝናብ ላይ ጥሎ የሄደ ግን መጻሕፍቱን አላዛወረም፤ ቀብሯቸዋል፤ ከእነሱ ጋር የማያውቃቸውን ሰዎች ቀብሯል።