ከወዲያኛው ጫፍ የተፈታው ክር

አንድ ቀሚስ ነበር። ደረቱ ላይ ቅጠል የተጠለፈበት አሮጌ ቀሚስ። ባለቤቱ የሻረግ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። የጠለፈችው እናቷ ናት፤ የሻረግ ጡት ሳትጥል እናቷ ሞተች። ከእናቷ የቀራት ሌላ ነገር የለም። መልኳን እንኳ አታውቀውም።

የሻረግ ያን ጥልፍ መቻል ፈለገች። ቀሚሱን ፊቷ ዘርግታ ሌላ ጨርቅ ላይ ስትጠልፍ ትውላለች። ክሩም ያው፣ መርፌውም ያው። የእናቷ ቅጠል ግን ወዲያ ሲያዘነብል፣ የሷ ወዲህ ያዘነብላል። ታፈርሰዋለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። ያየ ሁሉ "ያምራል እኮ" ይላታል። እሷ ማማሩን አልነበረም የፈለገችው።

ሲቸግራት ከገበያው ጠላፊዎች አንጋፋ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ይማም ሄደች። ቀሚሱን ገለባበጡት።

"አንዱን ቅጠል ተርትሪው" አሏት።

"ምን አሉኝ?"

"ጥልፍ ከላይ ታይቶ አይለመድም። እኔም አሮጌ ካባ ስተረትር ነው የለመድኩት።"

"ጋሽ ይማም፣ የእናቴ እጅ ያረፈበት ሌላ የለኝም። ከተፈታ እኮ ተፈታ ነው።"

"እንግዲያ ሣጥንሽ ውስጥ ክተቺው። ብል ይማርበት።"

ተቀይማ ሄደች። ሰነበተች። ከዚያ ቅጠሏ አሁንም ወዲህ ሲያዘነብልባት ቀሚሱን ይዛ ተመለሰች።

ቅጠሉ የተጠለፈበት የሰንሰለት ጥልፍ ካለቀበት ጫፍ ሲስቡት ይፈታል፤ ከተጀመረበት ቢስቡት ይጠብቃል። የሻረግ ራሷ ስትጠልፍ በምትጨርስበት በኩል ያለውን ክር ሳበች። ጠበቀ። ደግማ ሳበች፤ ይብሱን ጠበቀ። ጋሽ ይማም ወዲያኛውን ጫፍ አመለከቷት። እሱን ስትስበው ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

"እኛ የምንጀምርበት ላይ ነው የጨረሰችው" አሉ። "ለካ እናትሽ ግራኝ ኖራለች።"

የሻረግ ግራ እጇን አየች። ይህን የነገራት ሰው የለም። ያሳደገቻት አክስቷ በልጅነቷ ግራ እጇን በመቀነት ታስርባት ነበር፤ "በዚህ እጅ እህል አይነካም" እያለች። እጁም ቀስ በቀስ ሥራ ተወ።

አሁን መርፌውን ወደዚያ እጅ አዛወረችው።  በተፈታው ቦታ ላይ ቅጠል ጠለፈች፤ የሕፃን ሥራ የመሰለ።

"አስቀያሚ ነው" አሉ ጋሽ ይማም።

"ነው።"

"ግን ወዲያ ነው ያዘነበለው።"

የሻረግ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ በግራ ስትጠልፍ ሳታውቀው የተለወጠውን አቀማመጧን አየች።

"እናቴ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው" አለች። "ጨርቁን ቀኝ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ።"

የሄደብን ሰው ሲናፍቀን የተወልንን ዕቃ ሳንነካ እናስቀምጣለን። ዕቃው ይቆያል፤ ሰውየው አይመጣም። እሱ ይሠራ የነበረውን ስንሠራ ነው፣ ያውም እያበላሸን፣ ጥቂት የምንጠጋው። ጨርሶ አንደርስበትም። ቢሆንም ከሣጥኑ ይሻላል።

እናንተስ፣ ይፈታብኛል ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ምን አለ?