የውባንቺ ነጭ ሳህን

ሰው በሆነ ባልሆነው ሲጠረጥር ትልልቆቹ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። እንዲሁ የተባለች እንዳትመስላችሁ፣ ሰው ሊታረድባት ነበር እኮ!

ነገሩ ድሮ ነው፣ ጎንደር። ውባንቺ የምትባል ባልቴት ነበረች። ደርሶ የሚባል ልጇ በድንበር ጠብ የጎረቤታቸውን የጓንጉልን ወንድም ገደለ። ስንት ዓመት ሲፈላለጉ ከርመው፣ ሽማግሌው አለቃ ተክሌ በመከራ አስታረቋቸው። ጓንጉል ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ መስቀል ስሞ ማለ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ጓንጉል ገዳዩ ቤት ገብቶ ከእናትየው እጅ መጠጣት። ካልጠጣ እርቅ የለም። እርቅ ከሌለ ደርሶ የለም።

ውባንቺ አስባ አስባ የአያቷን ሳህን ከሣጥን አወጣች። ነጋዴዎች በምጽዋ በኩል ያስገቡት የቻይና ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ። መርዝ ከነካው ይሰነጠቃል ይባልለታል። በዚህ ካላመነኝ በምን ያምነኛል ብላ ነው እንግዲህ።

አለቃና ሁለቱም ወገን በተሰበሰቡበት፣ ጓንጉል ጎራዴውን ከጎኑ አጋድሞ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ደርሶ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ሥር ተደፍቷል። እናትየው ብርዙን ከገንቦው በመዳፏ ቀምሳ ቀዳችለት።

"በዚህ ሳህን ለምን ቀዳሽልኝ?"

"መርዝ ከነካው ይሰነጠቃል ጌታዬ፣ እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።"

አንድ ጉንጭ በጠጣ ቁጥር ሳህኑን ጭኑ ላይ እያሳረፈ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። በበሩ የገባው ፀሐይ ሳህኑ ውስጥ አርፏል። ቅድም ድፍን ነጭ የነበረው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል፣ ተጠላልፈው።

ሳህኑን ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎራዴው የደርሶ ማጅራት ላይ ነው።

"ተሰንጥቋል! መርዝ ነው!"

"ቀምሼልዎ የለም እንዴ ጌታዬ?"

"የቀመስሽው ከገንቦው! ሳህኑን መርዝ ቀብተሽዋል!"

ብታስረዳስ ማን ሊሰማት? ሳህኑን አንስታ የተረፈውን ጭልጥ አደረገችው። ሁሉም አፍ አፏን ማየት።  ትወድቃለች ሲሉ፣ ቆማለች።

አለቃ ባዶውን ሳህን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አደረጉት። አበባ! ሠሪው ያለ ቀለም፣ በስለት ጫፍ ብቻ የፈለፈለው አበባ ከነቅጠሉ ከነሐረጉ። ብርዙ ፍልፍሉ ውስጥ ቀርቶ ነው ያጎላው። ቤተሰቡ ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ለእንግዳ ልንገር ያለ የለም።

"ለመሆኑ ጭንህን ዳሰስከው?" አሉት። "የተሰነጠቀ ሳህን ያፈሳል። ረጥበሃል?"

ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጓንጉል ጎራዴውን አፎቱ ውስጥ ከተተና አንገቱን ሰብሮ፣ "ይድገሙኝ እሜቴ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

አለቃ ግን ሳህኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። "ቆይ! ጠዋት መስቀሉን የሳመው አፍህ ብቻ ነው" አሉት፤ "ልቡ ያልታረቀ፣ አበባውን ተሰነጠቀ ይላል።"