የማን ልጅ ነህ?

ተረቴ መጣች፣ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

አንድ ወጣት ጃርት ነበረ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው አያቱ ናት። እሷ ከማርጀቷ የተነሣ እሾኋ ረግፎ ጀርባዋ ተመልጦ ነበር። የእሱ እሾህ ግን ያብረቀርቃል፤ ስለዚህ ከእሷ ጋር መታየት ያሳፍረው ጀመር።

አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር አያቱ ልትፈልገው ወጥታ ከጓደኞቹ መካከል አገኘችው።

ጓደኞቹ እየተሳሳቁ፣ "ይቺ መላጣ አሮጊት የማን ናት?" አሉት።

"እንጃ፣ አላውቃትም" አለ ጃርቱ፣ ፊቱን አዙሮ።

አያቱ ሰምታለች። ሆኖም፣ "ልጆቼ፣ በረዶ ሊጥል ነውና ኑ፣ ጉድጓዴ ተጠለሉ" አለቻቸው። ገና ከመግባታቸው በረዶው ደጁን ይደበድበው ጀመር።

ያጠራቀመችውን ሥራሥር አውጥታ ለእንግዶቿ አቀረበች። እያንዳንዱን፣ "የማን ልጅ ነህ?" እያለች፣ የቤተሰቡን ደኅንነት እየጠየቀች አጎረሰች። በመጨረሻ የልጅ ልጇ ዘንድ ደረሰች። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እሱንም በለሰለሰ ድምፅ፣

"አንተስ የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?" አለችው።

ጃርቱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ጉርሻው በእጇ ላይ እንዳለ ብዙ ጠበቀችው። ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

"ያንቺ ነኝ፣ እምዬ" አለ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙት።

"እንግዲያ ብላ" አለችው።

ጉርሻውን ከእንባው ጋር ዋጠው።

ተረቴ ይኸው፤ እናንተም ምርቃቴን ስጡኝ።